ኬቤክ ከተማና ላ ማልቤ በወላጆች እግር ልክ፦ የአንድ ጉዞ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከመነሻው

ሥራው ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡትን እናትና አባታችንን ይዞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሞንትሪያል መነሣት፣ ኬቤክ ከተማን ማሳየት፣ ከዚያም የሴንት ሎውረንስን ወንዝ ተከትሎ ላ ማልቤ በተባለችው የወንዝ ዳር መዝናኛ አንድ ሌሊት ማሳደርና ሰኞ ማታ ቤት መግባት ነው። ጊዜው የካናዳ የምስጋና ቀን የሚውልበት፣ ማለትም የኦክቶበር ወር ሁለተኛው ሰኞ የሚያርፍበት ረጅሙ የሳምንት መጨረሻ ነው። እህቴ መኪናውንና ስንቁን፣ እኔ ደግሞ የማደሪያ ክፍሎቹን፣ መንገዱንና የሰዓት ሰሌዳውን ይዘናል። ማስታወሻውን የምጽፈው የራሳቸውን ወላጆች ይዘው በመጪዎቹ የሙቀት ወራት ሊሄዱ ላሰቡ የማኅበራችን አባላት ስለሆነ ለእነርሱ የሚጠቅመውን አበዛለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን እንደ እኛ ነው።

የእማዬ ጉልበት ደረጃ አይወድም። አባዬ ከዘራ ይይዛሉ፣ ነገር ግን አንድ ነገር ዓይናቸውን ከያዘው ከዘራውን ረስተው ይሄዳሉ። እኛ ሁለታችን ልጆች በበኩላችን ሁሉንም ነገር በአንዴ ለማሳየት እንቸኩላለን፤ ሦስቱ ባሕርያት አንድ መኪና ውስጥ ሲገቡ ሰሌዳው ካልተጠነቀቁለት በመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል።

ስለዚህ የሚታዩትን ቦታዎች ከመደርደሬ በፊት የቦታውን አቀማመጥ አጠናሁ። ሳሙኤል ደ ሻምፕሌን እ.ኤ.አ. በ1608 ኬቤክን ሲቆረቁር ቤቱን የሠራው ከገደሉ ግርጌ፣ ከውኃው አጠገብ ነው፤ ገዥዎቹ፣ ወታደሮቹና ገዳማቱ ኋላ ላይ ወደ አምባው ወጡ። ከተማዋ እስከ ዛሬ የላይና የታች ሆና ቀርታለች። የላይኛውን ከተማ 4.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ቅጥር ይከብበዋል፤ ከሜክሲኮ በስተሰሜን ባለው የአሜሪካ ክፍል እንዲህ ያለ ቅጥሯ ሳይፈርስ የቆየላት ከተማ እርሷ ብቻ ስትሆን፣ አሮጌው ክፍል በ1985 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ላዩንና ታቹን የሚያገናኙት ደረጃዎች ወደ 30 ይጠጋሉ፤ አንዳንዶቹ በመቶ የሚቆጠሩ እርከኖች አሏቸው። እማዬ ይህን ስነግራቸው «እኔ ደረጃ ልቆጥር አይደለም የመጣሁት» አሉ። ሰሌዳው በዚህ ቃል ላይ ተመሠረተ፤ በእግር የሚኬደው ሁሉ በሜዳ ወይም በቁልቁለት ይሆናል፣ ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ በማሽን ይሆናል።

ሁለተኛው ሰሌዳ ሠሪ ውኃው ነው። ሴንት ሎውረንስ ኬቤክ ከተማ ላይ ሲደርስ ገና የሚጠጣ ዓይነት ጨው አልባ ውኃ ነው፤ ሆኖም የውቅያኖሱ ሙላትና ሽሽት እስከዚያ ድረስ ይዘልቃልና ወደቡ ላይ ውኃው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከ4 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ከኦርሌአን ደሴት ወዲያ ጨው እየገባበት ይሄዳል፤ ላ ማልቤ ላይ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ባሕር ይመስላል። የካናዳ መንግሥት የየወደቡን የሙላትና የሽሽት ሰዓት አስቀድሞ ስለሚያወጣ የሁለቱንም ቦታዎች ሰንጠረዥ አትሜ የሰዓት ሰሌዳዬ ጎን ለጠፍሁት። ሙላቱ ከባሕር ወደ ላይ የሚጓዝ በመሆኑ ላ ማልቤ ከኬቤክ ከተማ በሰዓታት ቀድማ ትሞላለች፤ በየቀኑም ሰዓቱ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ይህን ሳያዩ የሄዱ ሰዎች ወንዝ ዳር ወርደው ጭቃ ብቻ አይተው ተመልሰዋል።

ክፍል ማስያዝ

የኬቤክ ክፍል ዋጋ መጀመሪያ በሚታየው ቁጥር አያልቅም። በክፍሉ ዋጋ ላይ 3.5 በመቶ የማደሪያ ግብር ይታከላል፤ በድምሩ ላይ 5 በመቶ የፌዴራል እና 9.975 በመቶ የክፍለ ሀገሩ የሽያጭ ግብር ይመጣል። ስለዚህ 100 ዶላር የተባለው ክፍል 119 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ የመኪና ማቆሚያው ብዙውን ጊዜ ለብቻው ነው። ገንዘብ አዋጥተው የሚሄዱ ሰዎች መዋጮውን ከዚህ የመጨረሻ ዋጋ ተነሥተው ቢተምኑ በመመለሻው ላይ ሒሳብ አይጨቃጨቁም።

በኬቤክ ከተማ የላይኛውን ከተማ መረጥሁ፤ ጠዋት ጉልበት ሳይደክም አምባውን በሜዳው ማየት፣ ከዚያ መውረድ ስለሚቻል ነው። የታችኛው ከተማ ማደሪያዎች ለዓይን ያምራሉ፤ ሆኖም የማታው መመለሻ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ነውና ለከዘራ አይመችም። በቅጥሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማደሪያዎች አብዛኞቹ ያረጁ የድንጋይ ቤቶች ስለሆኑ አሳንሰር የሌላቸው ብዙ ናቸው። በስልክ ጠይቄ ምድር ቤት ያለ ክፍል እንዲያዝልን አስጻፍሁ፤ የተጻፈውን ማረጋገጫም አሳተምሁ።

ለላ ማልቤ ማኑዋር ሪሽልዩ የተባለው ሆቴል ተያዘ። ወንዙን የሚያየው ክፍል ከተራራው ፊት ዋጋው ከፍ ይላል፤ እህቴ ተራራው ይበቃናል አለች፣ እኔ ግን ሁለት ቀን ወንዝ ተከትሎ ሄዶ ጀርባ ሰጥቶ ማደር አልታየኝም። ልዩነቱን ከራሴ ኪስ ከፈልሁ።

ከሰሌዳው የወጡ

የመጀመሪያው ረቂቅ ዓሣ ነባሪ የሚታይበትን ታዱሳክንም ይዞ ነበር። እዚያ ለመድረስ ከላ ማልቤ አልፎ ሌላ ረጅም መንገድ መንዳትና የሳግኔን ወንዝ በመርከብ መሻገር ይጠይቃል፤ ወጣ። ከሞንሞራንሲ ፏፏቴ ተነሥቶ የወንዙን ዳር ዳር ይዞ 125 ኪሎ ሜትር ላ ማልቤ ድረስ የሚሄደው የጎብኚዎች ባቡርም ያጓጓል፤ ነገር ግን መኪናውን ፏፏቴው ዘንድ ትቶ ሻንጣና ሁለት አረጋውያን ይዞ መሳፈር፣ ከዚያም ለመኪናው ሲባል መመለስ አለ። ያለ መኪና ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ለእኛ ግን ወጣ። የአብርሃም ሜዳ፣ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በ13 ሴፕቴምበር 1759 ከአንድ ሰዓት ባነሰ ውጊያ የከተማዋን ዕጣ የወሰኑበትና ሁለቱም የጦር አዛዦች፣ ዎልፍና ሞንካልም፣ የቆሰሉበት ሜዳ፣ በመኪና ታልፎ የሚታይ ተብሎ ተመዘገበ። አባዬ ይህንን አልወደዱትም።

ሐሙስ ማታ

ስንቁ ተሠርቷል። ዓርብ ጾም ስለሆነ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ በየዕቃው ሆኗል፤ ለቅዳሜና ለእሑድ ቁርስ ድርቆሽ ተይዟል። እህቴ እንጀራውን በአራት አጥፋ በጨርቅ ከጠቀለለች በኋላ ፕላስቲክ ውስጥ አስገባችው፤ ጨርቅ ሳይኖር ፕላስቲኩ ላብ ያወጣና እንጀራው ይርሳል።

ቡናው ላይ ክርክር ነበር። እማዬ ጀበናና ዕጣን ሻንጣ ውስጥ ከተው ነበር፤ በማደሪያ ክፍል ውስጥ ዕጣን ማጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያውን አስጩኾ ቅጣት እንደሚያስከፍል አስረዳናቸው። ጀበናው ቀረ፣ ዕጣኑ ሳይጤስም ቢሆን ይሂድ ተባለ፣ ቡናው በሁለት ፔርሙስ ይሆናል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር እዚህ ይመዝገብ። የኬቤክ አሮጌ የገበሬ ምግብ በአሳማ የተሞላ ነው። ሱፕ ኦ ፗ የሚሉት የአተር ሾርባ ሲያዩት ክክ ወጥ ይመስላል፤ የሚጣፍጠው ግን በጨው በተቀመመ የአሳማ ሥጋ ነው። ባቄላ መሳዩ ፌቭ ኦ ላርም እንዲሁ፣ ቱርቲዬር የተባለው የሥጋ ዳቦም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። «አትክልት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «አሳማ አለበት ወይ?» ተብሎ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ጥያቄውን በፈረንሳይኛ በትልቁ ጽፌ ለእህቴ ሰጠሁ።

ዓርብ

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተነሣን። ከሞንትሪያል ኬቤክ ከተማ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወንዙ በስተሰሜን የሚሄደውን 40 ቁጥር አውራ ጎዳና ያዝን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትሯ ሪቪየር ቆመን ምሳ በላን። ከሞንትሪያል ደሴት ውጭ በቀይ መብራት ወደ ቀኝ መታጠፍ የተፈቀደ መሆኑን፣ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ከመንፋቱ በፊት፣ የምንነዳ ሰዎች ማስታወስ አለብን፤ ደሴቱ ላይ የለመደ እግር ፍሬን ላይ ይቀራል።

መኪናው ውስጥ አባዬ ስለ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት አወሩ። ከ1945 ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ያስተዳደሩት ከዚሁ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካናዳ የሄዱ ኢየሱሳውያን ናቸው፤ ከመካከላቸው ዶክተር ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አባዬ በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ ተማሪ ነበሩ፤ እንግሊዝኛን የተማሩት ፈረንሳይኛ አፍ ከፈቱ መምህራን ነው። የመንገድ ዳር ነዳጅ ማደያ ገንዘብ ተቀባይዋ በእንግሊዝኛ ስታናግራቸው «የመምህራኖቼ አነጋገር» ብለው እስኪመለሱ ድረስ ሲደነቁ ቆዩ። ይህ ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ ለእርሳቸው ግን የጉዞው ዋና ነገር ከዚህ ላይ ጀመረ።

ማታ ማደሪያው ስንደርስ ምድር ቤት የተባለው ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ የእኛ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ጠበቀን፤ አሳንሰር የለም። የታተመውን ማረጋገጫ አሳየሁ። እንግዳ ተቀባዩ ብዙ ሳይከራከር፣ በአጠገቡ ባለ ሌላ ሕንፃ የሚገኝ ባለ አሳንሰር ክፍል አገኘልን። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ በዚያ ሌሊት ምን እንደምንል እንጃ። መኪናው ከመሬት በታች ባለ ማቆሚያ ገባ፤ እስከ እሑድ ጠዋት እንዳይነሣ ተወሰነ፤ በቅጥሩ ውስጥ ባሉት ጠባብ ጎዳናዎች መኪና ይዞ መዞር ጊዜ ማጥፋት ነው።

ቅዳሜ

የኬቤክ ወደብ ውኃ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሙሉ ነበር። ቁርሳችንን በልተን ዱፍረን ሰገነት ላይ ስንወጣ ከእግራችን ሥር ወንዙ እስከ ግድቡ ጫፍ ሞልቶ አየነው። ሰገነቱ የእንጨት ወለል ያለው፣ ሰፊና ሜዳ የሆነ፣ መቀመጫ የበዛበት ነው፤ እማዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደው ተመለሱ። ከበላዩ የቆመው ሻቶ ፍሮንትናክ በ1893 የተከፈተ የምድር ባቡር ኩባንያ ሆቴል ነው፤ ኩባንያው ባቡሩን የሚሞሉለት ሀብታም ጎብኚዎች ስለፈለገ ነው የሠራው። በ1943 እና በ1944 ሩዝቬልትና ቸርችል ስለ ጦርነቱ የመከሩበት ከተማም ይህችው ናት። ገብተን አዳራሹን ብቻ አየን።

ወደ ታች የወረድነው ከ1879 ጀምሮ በሚሠራው ፉኒኩሌር፣ በገደሉ ላይ በገመድ በሚጎተተው ሳጥን ነው። ከሰገነቱ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ፕቲ ሻምፕሌን መንገድ ላይ ያወርዳል፤ መውረጃው ቤት በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የአሳሹ የሉዊ ዦልዬ ቤት ነው። ከጎኑ ያለው የከተማዋ ጥንታዊ ደረጃ «አንገት ሰባሪ» የሚል ስም የወጣለት ሲሆን፣ እማዬ ከታች ሆነው ወጣቶቹ ሲወጡበት በደስታ ተመለከቱት።

በፕላስ ሮያል የምትገኘው ኖትር ዳም ደ ቪክትዋር ቤተ ክርስቲያን ሻምፕሌን የመጀመሪያ ቤቱን በሠራበት ቦታ ላይ በ1688 መሠራት የጀመረች ናት። ትንሽ ናት፣ ውስጧ ከጣሪያ የተንጠለጠለ የመርከብ ቅርጽ አለ። አባዬ እዚያ ተቀምጠው አረፉ፤ እህቴ ምሳ ፍለጋ ወጣችና የጻፍሁላትን የአሳማ ጥያቄ ሥራ ላይ አዋለችው፤ ሁለት ቤት አልፋ ሦስተኛው ላይ የዓሣ ምግብ አገኘች።

ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ወደ ሌቪስ ለሚያሻግረው መርከብ ሰዓቱን የመረጥሁት በሰንጠረዡ ነው። ውኃው ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ መመለስ ስለሚጀምር ወደ አሥራ አንዱ ላይ ተሳፈርን። ማዶው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ መቀመጫ አለው፣ ደረጃ ሳይወጡ መሳፈር ይቻላል። የከተማዋን ሙሉ መልክ፣ የታቹን ቤቶች፣ ገደሉን፣ ቅጥሩንና ሆቴሉን በአንድ ላይ ለማየት ከዚህ የሚረክስ ቦታ የለም። መሳፈሪያ ድልድዩ ውኃው ሲጎድል ቁልቁል ይዘቀዝቃል፣ ሲሞላ ይቃናል፤ ከዘራ የያዘ ሰው ይህንን ልብ ማለት አለበት።

መካከል ላይ ስንደርስ አባዬ ከሐዲዱ ተደግፈው ወደ ውኃው ጠቆሙ። ቅርፊቱ የተላጠ፣ አንድ ጫፉ የተሰነጠቀ ግንድ በአጠገባችን ያልፋል፤ የሚሄደው ግን ወደ ሞንትሪያል አቅጣጫ ነው። ሁለት ወፎች ላዩ ላይ ቆመዋል። ሙላቱ ሲመጣ ወንዙ እዚህ ላይ በእርግጥ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ሰንጠረዡ ላይ ቁጥር ሆኖ ያየሁት ነገር ግንድ ተሸክሞ ሲያልፍ ሌላ ሆነ። አባዬ ግንዱ እስኪርቅ ተከትለው አይተው፣ «ውኃ ሽቅብ አይሄድም የሚለውን ሰው እዚህ ማምጣት ነበር» አሉ። ሌቪስ ሳንወርድ በዚያው ተመለስን፤ ፀሐይ ከአምባው ጀርባ ስትገባ ከመርከቡ ወርደን በፉኒኩሌር ወጣን።

እሑድ

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ወጣ። የሞንሞራንሲ ፏፏቴ ከመንገድ ላይ ይታያል፤ ቁመቱ 83 ሜትር ሆኖ ናያጋራን በ30 ሜትር ያህል ይበልጣል፣ ስፋቱ ግን አይደርስበትም። ከሥሩ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ ጥቂት ሄደን የውኃው ርጭት ሲጀምር ተመለስን። ከላይ ለመውጣት ገመድ ተንጠልጣይ ሳጥን አለ፤ አልወጣንም።

ከኬቤክ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሴንት አን ደ ቦፕሬ ትገኛለች። የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የድንግል ማርያም እናት። በ1658 ከተጀመረች ወዲህ የምእመናን መሳለሚያ ሆና ቆይታለች፤ የዛሬው ትልቅ ሕንፃ በ1922 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ የተሠራ ነው። በሰሌዳው ላይ አርባ ደቂቃ ሰጥቻት ነበር። በመግቢያው ባሉት ዓምዶች ላይ ድነናል ያሉ ሰዎች የተዉአቸው ምርኩዞች፣ ከዘራዎችና የእግር ድጋፎች ከሰው ቁመት በላይ ተደርድረዋል። አንዳንዱ እንጨት መያዣው ላይ በእጅ ብዛት ተልጦ ነጥቷል፤ ከልጅ ክንድ የማይረዝም ትንሽ ምርኩዝም በመካከላቸው አለ። እማዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ከዓምዱ ፊት ቆሙ፣ አንድ በአንድ አዩአቸው፣ ከዚያ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ጸሎቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ የጣሪያው ሥዕል ግን የቅድስት ሐናን ታሪክ በሞዛይክ የሚያሳይ በመሆኑ ያለ ቋንቋ እያነበቡት ነበር፤ ኢያቄምን ራሳቸው አገኙት። እህቴ ሰዓቷን አሳየችኝ፤ «ዝም በይ» አልኋት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የወጣነው።

ከዚያ በኋላ 138 ቁጥር መንገድ ወደ ሻርለቩዋ ተራሮች ይወጣል። አካባቢው ከ400 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከሰማይ የመጣ ድንጋይ ወድቆበት የተፈጠረ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጎድጓዳ ነው፤ ግማሹ በወንዙ ሥር ተውጧል። መካከሉ ላይ ተስፈንጥሮ የቀረው የሌዜቡልማን ተራራ ከ750 ሜትር በላይ ይቆማል። ምድሩ አሁንም አያርፍም፤ በ1663 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የተራራውን ጎን ወንዙ ውስጥ ንዶታል። ቅጠሉ በዚህ ሳምንት ቀይና ብርቱካንማ ነበር።

ከቤ ሳን ፖል የወንዙን ዳር የሚይዘውን 362 ቁጥር ያዝን፤ ከሌዜቡልማን ወደ ሳን ዦዜፍ ደ ላ ሪቭ የሚወርደው ቁልቁለት የዓባይን በረሃ ያሳጠሩት ይመስላል። እህቴ ማርሽ ቀንሳ በሞተር እየያዘች ወረደች፤ ፍሬኑን ያለማቋረጥ የሚረግጥ ሰው ታች ሲደርስ ሽታው ይነግረዋል። ከዚያ ወደ ኢል ኦ ኩድር ደሴት የሚያሻግረው መርከብ በነፃ ነው፤ ወደ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ መኪናም ይጭናል። ፈረንሳዊው አሳሽ ዣክ ካርትዬ በሴፕቴምበር 1535 እዚህ አርፎ ነበር። ውኃው ከቀትር በኋላ መመለስ ቢጀምርም ጭቃማው ዳርቻ ገና ሰፊ ሆኖ ይታይ ነበር።

ደሴቱ ላይ የገባነው ወፍጮዎቹን ለማየት ብቻ ነው። አንዱ በውኃ፣ አንዱ በነፋስ የሚሠሩ፣ ሁለቱም በ19ኛው መቶ ዓመት የተተከሉ ወፍጮዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ዛሬም ስንዴና ሳራዜን የሚሉትን እህል ይፈጫሉ። እማዬ የሳራዜኑን ዱቄት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሽተው አሸተቱት፤ ግራጫ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። «ልሙ አይደለም፣ ግን ከጤፍ ጋር ይስማማል» ብለው ሁለት ከረጢት አስገዙኝ። ባለ ወፍጮው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የሚናገረው፤ የድንጋዩን ጥርስ በምን እንደሚያወጡት በእጅ ጠየቁት፣ እርሱም መሮውን አምጥቶ አሳያቸው። የወፍጮ ቤት ሰዎች ሳይቸገሩ ተግባቡ።

እሑድ ማታ፣ ላ ማልቤ

ሙላቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነበርና ከዚያ ቀድመን ደረስን። ማኑዋር ሪሽልዩ ከገደል ጫፍ ላይ የቆመ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ የመጀመሪያው በ1899 በእንጨት ተሠርቶ በ1928 ተቃጠለ፣ የዛሬው በዓመቱ ተተካ። በዚያ ዘመን እንግዶቹ ከሞንትሪያልና ከኬቤክ በትልልቅ የወንዝ መርከቦች ይመጡ ነበር፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃዋርድ ታፍት የዕረፍት ወራቱን የሚያሳልፈው በዚችው መንደር ነበር። በጁን 2018 የሰባቱ ሀብታም አገሮች መሪዎች ጉባኤ የተካሄደውም እዚህ ነው። አባዬ ሜርክል ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ትራምፕን ቁልቁል ስታየው የተነሣችውን ፎቶ ግራፍ ያስታውሳሉ፤ ክፍሉ የት እንደሆነ ጠየቁ፤ እንግዳ ተቀባዩ ሳቀ።

ለሣሩ ሜዳና ለወንዙ ፊት ለፊት የሆኑ ወንበሮች ተደርድረዋል። ብርዱ ስለበረታ ብርድ ልብስ አስመጥተን ከፔርሙሱ ቡና ቀዳን፤ እማዬ ዕጣኑን ከቦርሳቸው አውጥተው አሸተቱትና መልሰው ከተቱት።

ሰኞ

ጠዋት ከመስኮቱ ሲታይ ውኃው እየሸሸ ነበር፤ ቁርስ በልተን እስክንጨርስ የባሕር ወሽመጡ ዳር ድንጋዩና ጭቃው ወጣ። በ1608 ሻምፕሌን መርከቦቹን ምሽት ላይ እዚህ አቁሞ ጠዋት በደረቅ ምድር ላይ ተቀምጠው ያገኛቸው በዚሁ ጠባይ ነው። አባዬ ይህን ስነግራቸው ሰንጠረዡን ጠይቀውኝ የሽሽቱን ሰዓት በጣታቸው ፈልገው አገኙ፤ ከዚያ ወዲህ የሰዓት ጠባቂነቱን ሥራ ወሰዱብኝ።

አራት ሰዓት ላይ ተነሣን። መመለሻው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የበዓል ቀን እንደመሆኑ ከኬቤክ ወዲህ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። የአብርሃምን ሜዳ በመኪና አለፍነው፤ አባዬ ቁሙ አሉ፣ ቆምን፣ ለመመለሻ የያዝነው ትርፍ ሰዓት እዚያ ዋለ። ሞንትሪያል መሽቶ ገባን።

ማክሰኞ

ለሚቀጥሉት ቤተሰቦች የምሰጠውን ሰሌዳ አስተካከልሁ። ሴንት አን ከአርባ ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት ከፍ ብላለች፤ ለዚያ ሲባል ሞንሞራንሲ ከመኪና ሳይወረድ የሚታይ ሆኗል። የአብርሃም ሜዳ ለአንድ ሰዓት በቅዳሜ ጠዋት ላይ ገብቷል፤ ሰገነቱ ያጥራል። የምድር ቤት ክፍል ማረጋገጫ በጽሑፍ የሚለው ላይ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። የሙላትና የሽሽቱን ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ ቀን ማውጣት አለበት፤ የእኛ ሰዓት ለሌላ ሳምንት አይሠራም። የደሴቱ ወፍጮዎች በበረዶው ወራት ስለሚዘጉ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ። የሳራዜኑ ዱቄት አንድ ሦስተኛ ሆኖ ከጤፍ ጋር ዛሬ ተቦክቷል፤ እማዬ ዓይኑ አልወጣ ካለ እርሾ እንጨምርበታለን ብለዋል፤ ውጤቱን ሐሙስ እጽፋለሁ።